ገበያው የቆመበት ፀደይ

ኬፕ ኮድ በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ግዛት ውስጥ፣ ከቦስተን ወደ ደቡብ ምሥራቅ፣ ጡንቻውን እንደሚያሳይ ጎረምሳ ክንድ ታጥፎ አትላንቲክ ውቅያኖስ ውስጥ የገባ መሬት ነው። ስሙን ያገኘው ኮድ ከሚባለው ዓሣ ነው። ዛሬ ግን እዚያ ከዓሣው ይልቅ የሚያወፍረው የቤት ንግድ ነው፤ እሱም እንደ ዓሣው ወቅት አለው። ባሕር የሌለን ልጆች ስለ ባሕር ዳር ቤት ምን አገባን የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ እናውቃለን። ባሕሩስ ላያገባን ይችላል። የምናወራው ግን ስለ መሬት ነው፤ መሬቱ የማን ነው የሚለውን ጥያቄ ከእናቱ ጡት ጋር ያልጠባ ሐበሻ ካለ እጁን ያውጣ።

ከመጀመራችን በፊት ሁለት ነገር እንስማማ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ወቅቶቹም የእነሱ ናቸው፤ በጋ ስንል እኛ ጃንጥላ ይዘን የምንሮጥበትን ከሰኔ እስከ ነሐሴ ያለውን ጊዜ፣ ክረምት ስንል ደግሞ እነሱ በበረዶ የሚቀጡበትን የታኅሣሥና የጥር ሰሞን ማለታችን ነው። ፀደይ ብቻ የጋራችን ነው፤ ከመጋቢት መጨረሻ እስከ ሰኔ።

በኬፕ ኮድ ከሦስት ቤት ከአንድ የሚበልጠው ዓመቱን ሙሉ የሚኖርበት የለውም። የዕረፍት ቤት ነው። ባለቤቱ ብርዱ ሳይበረታ ይመጣል፣ ውኃውን ከዋናው ይዘጋል፣ በቧንቧው ውስጥ የቀረውንም ያፈስሰዋል፤ ካላፈሰሰው ውኃው በረዶ ሆኖ ቧንቧውን ይሰነጥቀዋል። ከዚያ ቆልፎ ይሄዳል። ቤቱ እስከ ፀደይ ይተኛል። በመጋቢትና በሚያዝያ መስኮቶች ይከፈታሉ፣ ቧንቧ ሠሪው ከበር በር ይዞራል፣ ቀለም ቀቢው ይፈለጋል፣ «የሚሸጥ» የሚሉ ሰሌዳዎችም በየአጥሩ ሥር ይበቅላሉ። ደላላው ስልኩን አያስቀምጥም።

ለምን በፀደይ? መልሱ ቁልፉ ላይ ነው። የአሜሪካ የበጋ ዕረፍት በልማድ የሚጀምረው በግንቦት የመጨረሻ ሳምንታት በሚውለው የሰማዕታት ቀናቸው ነው፤ የሚያበቃውም በነሐሴ መጨረሻ በሚያከብሩት የሠራተኞች ቀን። በእነዚህ ሁለት ቀኖች መካከል የባሕር ዳር ቤት በሳምንት ይከራያል፤ ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ፤ አንዱ ቤተሰብ ሻንጣውን ሲጭን ሌላው ከደጅ ይጠብቃል። በነዚያ ጥቂት ሳምንታት የሚሰበሰበው ኪራይ የዓመቱን ግብርና የባንክ ዕዳ መሸፈኛ ነው። ስለዚህ በሚያዝያ ተዋውሎ በግንቦት ቁልፍ የተረከበ ሰው በጋውን ከነኪራዩ ገዛው ማለት ነው። በሐምሌ አጋማሽ የገዛ ግን ዘጠኝ ወር የተቆለፈ ቤት ነው የገዛው። ሻጩም ይህን ስለሚያውቅ አበባው ፈክቶ፣ ባሕሩ ሰማያዊ ሆኖ፣ ገዢው ደግሞ ቸኩሎ የሚመጣበትን ሰሞን ይጠብቃል።

ይህ ሁሉ ሲሆን ኬፕ ኮድ ላይ ዓመቱን ሙሉ የሚኖር ሰው አለ። በ2020 ቆጠራ 229 ሺህ ገደማ ነበሩ። መምህሩ፣ ነርሷ፣ ሎብስተር አብሳዩ፣ ያ ቧንቧ ሠሪ ራሱ። ቤት መግዛት ያልቻለው በመስከረም የክረምት ኪራይ ይዋዋላል፤ በብርዱ ወራት ማንም ስለማይፈልገው ቤቱ ርካሽ ነው። ግንቦት ሲመጣ ግን ይውጣ ይባላል፤ በወር የሚከፍለውን የበጋው እንግዳ በሳምንት ይከፍለዋላ! አንዱ ዘመድ ቤት ሶፋ ላይ፣ ሌላው ድንኳን ውስጥ፣ ሌላውም መኪናው ውስጥ በጋውን ያሳልፋል። የአካባቢው ሰው ይህንን ካርታ መበወዝ እንደምንለው ባለ ቃል ይጠራዋል። በየፀደዩ ካርታው ይበወዛል፤ የሚጣለው ካርታ ግን ሁልጊዜ ያው ነው።

ነገሩ ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። ሄንሪ ዴቪድ ቶሮ የተባለው ጸሐፊ በ1849 ለመጀመሪያ ጊዜ ኬፕ ኮድን በእግሩ ሲዞር ያገኘው አሸዋ፣ ነፋስና ዓሣ አጥማጅ ነው። ከሞተ በኋላ በ1865 በታተመው መጽሐፉ ግን ይህ ዳርቻ አንድ ቀን የከተሜዎች መዝናኛ እንደሚሆን ጽፎ አልፏል። ያኔ የአካባቢው ሰው ባሕሩን የሥራ ቦታ አድርጎ ነው የሚያየው፤ ቤቱንም የሚሠራው ነፋሱን ጀርባውን ሰጥቶ፣ ዝቅ ብሎ፣ ከተቻለም ባሕሩን ሳያይ ነው። ዛሬ ባሕር የሚያሳይ መስኮት ስንት እንደሚያስከፍል ብናይ ሟቾቹ ይስቁብን ነበር። ዓሣውና ዓሣ ነባሪው ሲቀንስ፣ ከባሕር ውኃ ጨው የማውጣቱ ሥራም ሲሞት ሕዝቡ ነቀለ፤ በ1860 ወደ 36 ሺህ የነበረው ነዋሪ በ1920 ወደ 27 ሺህ ወርዷል። ባቡሩ በ1873 ከክንዱ ጫፍ ፕሮቪንስታውን ደርሶ ነበር። መሬቱን ቆርጦ ኬፕ ኮድን ደሴት ያደረጋት ቦይ በ1914 ተከፈተ፤ ለመኪና የተሠሩት ሁለቱ ትላልቅ ድልድዮች በ1935 ተመረቁ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ መኪና የገዛው ሁሉ በእነዚያ ድልድዮች ጎረፈ። በ1950 ወደ 47 ሺህ የነበረው ሕዝብ በ1980 ወደ 148 ሺህ ደረሰ። ከኬኔዲ ቤተሰብ ጋር ስሙ የሚነሳው ሃያኒስ ፖርት እዚሁ ነው፤ ፕሬዚዳንት ኬኔዲ በ1961 ከክንዱ ውጫዊ ዳርቻ 43 ሺህ ኤከር ገደማ የሚያቅፍ ብሔራዊ ጥብቅ ስፍራ እንዲሆን ፈርሟል። እሰየው። ነገር ግን ከጥብቁ ውጪ ያለው መሬት በዚያው ልክ ዓይን ውስጥ ገባ።

ወደ ፍሬ ነገሩ እንግባ። በክንዱ ደቡባዊ ዳርቻ ማሽፒ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። በ1960 የነበሯት ነዋሪዎች 867 ብቻ ነበሩ፤ ከእነሱም የሚበዙት ዋምፓኖአግ የሚባለው ነባር ሕዝብ ተወላጆች ናቸው። በ1620 ከእንግሊዝ በመርከብ የመጡትን ሰፋሪዎች የተቀበለውና እንዲተርፉ የረዳው ሕዝብ ማለት ነው። የማሽፒ ፀደይ የሚታወቀው ከደላላው በፊት በሄሪንግ ዓሣ ነው። ሄሪንግ በፀደይ ከባሕር ወጥቶ ወደ ወንዙ ሽቅብ ይዋኛል፣ ሐይቁ ጋር ደርሶ እንቁላሉን ይጥላል። ለዋምፓኖአጎች አዲሱ ዓመት የሚብተው በፀደይ ነው።

የመሬታቸው ታሪክ ረጅም ነው፤ እናሳጥረው። በ17ኛው መቶ ዘመን ሪቻርድ ቦርን የተባለ እንግሊዛዊ ሚሲዮናዊ ክርስትናን የተቀበሉት ዋምፓኖአጎች የሚኖሩበት መሬት በውል እንዲጸና አደረገ። ውሉ መሬቱ ያለ ሁሉም ፈቃድ ለእንግሊዝ እንዳይሸጥ የሚል ነበር። ርስት ማለት እንችላለን፤ ሰው ይጠቀምበታል፣ ልጁ ይወርሰዋል፣ አይሸጠውም። ነጮቹ ጎረቤቶች ግን እንጨቱን መጫን አልተዉም። በ1833 ዊልያም ኤፕስ የተባለ የፒኳት ተወላጅ ሰባኪ ከማሽፒ ሰዎች ጋር ሆኖ እንጨት የጫነ ጋሪ አስቆመ፣ ጭነቱንም አስወረደ። ኤፕስ «ሁከት» ተብሎ አንድ ወር ታሰረ፤ የማሽፒ ሰዎች ግን በ1834 ራሳቸውን የማስተዳደር መብት አገኙ። በ1842 መሬቱ ለየሰው በ60 ኤከር ተከፋፈለ፤ ሆኖም ከማኅበረሰቡ ውጪ ላለ ሰው መሸጥ ክልክል እንደሆነ ቀረ።

ከዚያ 1869 መጣ። የእርስ በርስ ጦርነቱ አልቆ፣ ባርነት ተሽሮ፣ እኩልነት የዘመኑ ቃል ነበር። የማሳቹሴትስ ምክር ቤት ለነባር ሕዝቦቹ ሙሉ ዜግነት ሰጠ፤ በዚያው ሕግ መሬታቸውን ለማንም የመሸጥ «መብት» አብሮ ሰጣቸው። ከማሽፒ ሰዎች የሚበዙት መሬቱ እንዳይሸጥ የሚከለክለው ሕግ እንዳይነሳ ለምነው ነበር። አልተሰሙም። በ1870 ማሽፒ እንደ ማንኛውም ከተማ ከተማ ተባለች። እኛ ይህን ሕግ ስናነብ የሚገርመን ክፋቱ አይደለም። ያወጡት ሰዎች ከልባቸው ደግ ነገር ያደረጉ መስሏቸው ነበር፤ ለድሃ ነፃነት ሰጠነው አሉ፣ ገዢው ግን ገንዘብ ያለው ነበር።

መሬቱ ቀስ በቀስ ወጣ። የሚያስገርመው ግን ለዘጠና ዓመት ያህል ብዙም ነገር አለመለወጡ ነው። ጫካውን የገዛው ሩቅ ቦታ ይኖራል፣ አጥር የለም፤ ዋምፓኖአጉ እንደ ድሮው ያድናል፣ ከዳርቻው የባሕር ዛጎል ይለቅማል፣ ሄሪንጉን ያጠምዳል፣ የከተማዋንም ሹመት ይይዛል። መሬቱ በወረቀት የሌላ ሆኖ በእግር የእነሱ ነበር። ይህ ያበቃው በ1960ዎቹ ነው። ኒው ሲቤሪ የተባለ ኩባንያ ዳርቻው ላይ ጎልፍ ሜዳና የዕረፍት ቤቶች ሠራ። በር ተበጀ፣ ጥበቃ ቆመ፣ «መግባት ክልክል ነው» ተጻፈ። ጡረተኞች መጡ፣ ድምፃቸውም አብሮ መጣ፤ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ምርጫው ከዋምፓኖአጎች እጅ ወጣ። በ1974 የጎሳ ምክር ቤት አቋቋሙ። ነሐሴ 1976 ላይ ቦስተን በሚገኘው የፌዴራል ፍርድ ቤት ከሰሱ።

የክሱ ጥይት አንድ አሮጌ ሕግ ነው። የአሜሪካ ኮንግረስ በ1790 ባወጣው ሕግ፣ ከነባር ሕዝብ ጎሳ መሬት መግዛት ያለ ፌዴራል መንግሥት ፈቃድ ዋጋ የለውም። የማሽፒ መሬት ሲሸጥ ደግሞ ፌዴራል መንግሥትን የጠየቀ የለም፤ ማሳቹሴትስ ራሷ ፈቅዳ ራሷ ፈጸመችው። እንግዲያው ከ1869 ወዲህ የተደረገው ሽያጭ ሁሉ ከንቱ ነው አሉ። የጠየቁት 16 ሺህ ኤከር ገደማ ነው፤ የከተማዋ ሦስት አራተኛ።

አሁን የቤት ገበያው እንዴት እንደሚሠራ ካላወቅን ቀጥሎ የሆነው አይገባንም። አሜሪካ ውስጥ ቤት ስትገዙ ጠበቃችሁ ወደ ካውንቲው የሰነድ መዝገብ ቤት ይሄዳል። ሻጩ ከማን ገዛ፣ ያኛው ደግሞ ከማን፣ ዕዳ አለበት ወይ፣ ወራሽ ተዘሏል ወይ፣ እያለ ሰንሰለቱን ወደ ኋላ ይቆጥራል። በማሳቹሴትስ ልማድ 50 ዓመት ያህል ከተቆጠረ ይበቃል። ሰንሰለቱ ካልተበጠሰ የይዞታ ኢንሹራንስ ኩባንያ «ይህ ቤት የሻጩ ነው፣ ካልሆነ እኔ እከፍላለሁ» ብሎ ይፈርማል። ባንኩ የሚያበድረው ይህን ፊርማ አይቶ ነው። ያለ ብድር ቤት የሚገዛ ደግሞ ስንት አለ? ስለዚህ ገበያውን የሚያንቀሳቅሰው ጥርጣሬ የሌለበት ያለፈ ጊዜ ነው ማለት ይቻላል። (የኬፕ ኮድ የሰነድ ቤት በ1827 ተቃጥሎ አብዛኛው መዝገብ አመድ መሆኑን ስናነብ ፈገግ ማለታችን አልቀረም። ከዚያ በፊት ያለውን ማን ይቁጠረው!)

ዋምፓኖአጎቹ ያደረጉት ነገር ቆጠራው በ50 ዓመት አይቁም፣ ትንሽ ወደ ኋላ ይሂድ ማለት ብቻ ነው። ይህ በቃ። ኢንሹራንስ ኩባንያዎቹ ማሽፒ ውስጥ አንፈርምም አሉ፣ ባንኮቹም አናበድርም አሉ። የ1977 ፀደይ ሲመጣ መስኮቶቹ ተከፈቱ፣ አበባው አበበ፣ ሄሪንጉም ወደ ወንዙ ወጣ፤ የማሽፒ የቤት ገበያ ግን ቆሞ ነበር ማለት ይቻላል። ጎረቤት ከተሞች ውስጥ ቤት ሲሸጥ እዚህ ደላላው ቢሮው ውስጥ ቁጭ ብሎ ጋዜጣ ያነባል። አናጢው ሥራ ፈታ። በእድሜ ልክ ቁጠባው ትንሽ ቤት የገዛ ጡረተኛ ታመምኩ ልሽጥ ቢል ገዢ የለውም። እሱ ከ1869ኙ ሕግ ጋር ምን አገናኘው? ምንም። ከማንም አልሰረቀም፤ ደላላውን አመነ፣ ጠበቃውን አመነ፣ ወረቀቱን አመነ። ከተማዋ ውስጥ የነበረው ምሬት ከዚህ የመጣ ነው፤ ይህን ምሬት ዘረኝነት ብቻ ነው ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፣ እኛ ግን አንቀበለውም። ዋምፓኖአጎቹም ቢሆኑ ከጡረተኛው ጋር ጠብ አልነበራቸውም፤ ጠባቸው ከበሩና ከአጥሩ ጋር ነው። ሕጉ ግን ሁለቱን ለይቶ መጠየቂያ መንገድ አልሰጣቸውም።

ክሱ በጥቅምት 1977 ጀምሮ 40 ቀን ተሰማ። የሚገርመው መሬቱ የማን እንደሆነ ለመጠየቅ እንኳ አልተደረሰም። ተከሳሾቹ «መጀመሪያ ጎሳ መሆናችሁን አስረዱ» አሉ። ከዋተርጌት ቅሌት ጊዜ የፕሬዚዳንት ኒክሰን ጠበቃ የነበረው ጄምስ ሴንት ክሌር ነበር የተከሳሾቹ ጠበቃ። እንዲህ ተባለ፦ እናንተ ባፕቲስት ናችሁ፣ ቋንቋችሁን አትናገሩም፣ ሱሪ ትለብሳላችሁ፣ ከጥቁሮች ጋር ተጋብታችኋል፣ እንደ ማንኛውም አሜሪካዊ ትመርጣላችሁ፤ የቱ ጋ ነው ጎሳችሁ? ከባርነት ያመለጠውን አፍሪካዊ ያስጠጉ፣ ያጋቡ ሰዎች ዘራቸው ስለተቀላቀለ እናንተ እናንተ አይደላችሁም ተባሉ። በተገፉበት መንገድ ሁሉ መለወጣቸው እንደ ማስረጃ ቀረበባቸው።

ጁሪው ስድስት ቀኖች ተሰጡት፤ በእያንዳንዱ ቀን ጎሳ ነበሩ ወይስ አልነበሩም? መልሱ በጥር 1978 መጣ። በ1790 አልነበሩም። በ1834 ነበሩ። በ1842 ነበሩ። በ1869 አልነበሩም፣ በ1870ም፣ በ1976ም አልነበሩም። ከየት መጥተው ጎሳ ሆኑ፣ የት ሄደው ቀሩ፣ የሚያስረዳ የለም። ዳኛው ክሱን ዘጋው፣ ይግባኙም በ1979 ወደቀ። በሌላ በኩል በሜይን ግዛት ተመሳሳይ ሕግ ይዘው የተነሱት ፓሳማኳዲና ፔኖብስኮት በ1980 በስምምነት 81.5 ሚሊዮን ዶላር አግኝተዋል። እነሱ ጎሳ መሆናቸውን የጠየቃቸው ጁሪ አልነበረም፤ ማሽፒዎቹ ጁሪ ፊት ቀረቡና ባዶ እጃቸውን ተመለሱ።

ገበያውስ? እንቅልፉን የጨረሰ ይመስል ተነሳ። ኢንሹራንሱ ተፈረመ፣ ባንኩ አበደረ። የማሽፒ ነዋሪ በ1980 ቆጠራ 3,700፣ በ1990 ደግሞ 7,884 ሆነ። በ2020 ከ15 ሺህ አልፏል። በዚያው ዓመት ኮሮና ሲገባ የቦስተንና የኒው ዮርክ ሰው ኮምፒውተሩን ይዞ ወደ ባሕር ዳር ሮጠ፣ በጋ ሳይጠብቅ ገዛ። ከወረርሽኙ በፊት ከግማሽ ሚሊዮን ዶላር በታች የነበረው የኬፕ ኮድ መካከለኛ የቤት ዋጋ በ2022 ከ600 ሺህ ዶላር በላይ ነበር። በዚህ ዋጋ የሚገፋው ዋምፓኖአግ ብቻ አይደለም፤ ያ በግንቦት የሚበወዘው መምህርም አብሮ ነው። የድሮው ጡረተኛ ልጆችም ቢሆኑ የአባታቸውን ከተማ መግዛት ያቃታቸው አሉ።

ፌዴራል መንግሥት ማሽፒ ዋምፓኖአጎች ጎሳ መሆናቸውን ያመነው በ2007 ነው፤ ማመልከት ከጀመሩ ሠላሳ ዓመት ገደማ አልፎ። ጁሪው አልነበራችሁም ካለ በኋላ ማለት ነው። በ2015 ማሽፒና ቶንተን በሚባል ሌላ ከተማ 321 ኤከር መሬት በአደራ ተያዘላቸው። በመጋቢት 2020፣ ሰው ሁሉ በወረርሽኙ ቤቱ በተዘጋበት ሰሞን፣ መንግሥት ሐሳቡን ቀይሮ ሊነጥቃቸው ተነሳ፤ በታኅሣሥ 2021 ደግሞ መሬቱ የእነሱ ሆኖ እንዲቆይ ተወሰነ። ከጠየቁት 16 ሺህ ኤከር አንጻር ብታሰሉት ሁለት በመቶ ነው፤ እሱም ከሁለት ከተማ ተደምሮ።

አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። የዋምፓኖአግ ቋንቋ አፍ የፈታበት ሰው ከጠፋ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖት ነበር። ጄሲ ሊትል ዶ ቤርድ የተባለች የማሽፒ ሴት በ1990ዎቹ ቋንቋውን ከሞት ለመመለስ ስትነሳ የምትሰማው ሰው ስላልነበረ ከወረቀት ጀመረች። አንዱ ወረቀት በ1663 በቋንቋቸው የታተመው መጽሐፍ ቅዱስ ነው። ሌላው አያቶቿ ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ በገዛ ቋንቋቸው የጻፏቸው ደብዳቤዎች፣ ኑዛዜዎችና የመሬት ውሎች ናቸው። ቃል በቃል፣ ግስ በግስ ተለቀመ። የመጀመሪያዋ አፍ ፈቺ የገዛ ልጇ ነበረች። በ2016 ማሽፒ ውስጥ ሕፃናት በዚያ ቋንቋ የሚማሩበት ትምህርት ቤት ተከፍቷል፤ ስሙ ሲተረጎም «የልጆች ቤት» ማለት ነው።